«ባከነ» አትበል፦ ሂስና ግለ ሂስ

ባለፈው እትማችን በኃይሉ መርጊያ ሥራዎች ላይ አጭር ሂስ አቅርቤ ነበር። ያነበበ ያስታውሰው ይሆናል፤ ያላነበበም ብዙ አልቀረበትም። በመደምደሚያው ላይ፣ ታላቁ የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ተጫዋች በአሜሪካን አገር የታክሲ መሪ ጨብጠው ያሳለፉት ዘመን ለሙዚቃችን «የባከነ ዘመን» ነው ካልኩ በኋላ፣ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራልና በስተርጅና እንደገና ተገኙ» ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ዐረፍተ ነገሩን ወድጄው ነበር። ሁለት ሦስት ጓደኞቼም ወደውት ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ለማፍረስ የተጻፈ ነው። ሌላውን መተቸት የሚወድ ሰው አንዳንዴ ከራሱ መጀመር ስላለበት ግለ ሂሱ ይቅደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የነፋስ ስልክ ልጅ ነኝ። ሰፈራችን የፋብሪካና የመጋዘን፣ የጋራዥና የከባድ መኪና ሰፈር ነው፤ ኪነ ጥበብ ሲባል ሰው ወደ ፒያሳና ወደ ብሔራዊ ቴአትር እንጂ ወደ እኛ አይመለከትም። ሆኖም ከጎረቤቶቻችን አንዱ በወጣትነታቸው በአንድ የመንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ላልጽፍ ቃል ስለገባሁ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። እናቴ፣ ልጄ ጻፈ ብላ፣ መጽሔቷን ወስዳ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ጎፋ ሻይ ቤት አገኙኝ። መጽሔቷን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፦

«አንተ ልጅ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አማርኛህ ጥሩ ነው። ግን ባከነ አትበል።»

«ለምን ጋሼ?»

«ባከነ ስትል ያባከነው ሰውየው ይመስላል። የሚባክነው ውሃ ነው፤ ቧንቧውን ሳይዘጋ የሄደ ሰው ሲኖር። እኔን ቧንቧ ከፍተህ ሄድክ ነው የምትለኝ?»

ስለ እሳቸው እንዳልጻፍኩ ልነግራቸው ሞከርኩ። «ስለ እኔ ነው እንጂ!» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። መልሴ ይኸውና።

በመጀመሪያ የኃይሉ መርጊያን ጉዳይ እንመልከት። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ጊዜ እየጻፍኩ በሁለት ካላንደር መወዛገቤን አንባቢ ይለፈኝ።) ኃይሉ በ1946 ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮንን በራሳቸው ተማሩ። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ ለዓመታት በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ከባንዱ ምሰሶዎች አንዱ ነበሩ። በ1977 የወጣውን «ጨ በለው» የተባለውን ሸክላ ብዙዎቻችን፣ ሌላው ቢቀር «ሙዚቃዊ ስልት» በተባለው ሥራ፣ እናውቀዋለን። በ1981 ዋልያስ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከአባላቱ የተወሰኑት ተመለሱ፤ ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን አንድ ካሴት ቀረጹ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ግን ከመድረክ ራቁ። የዕለት እንጀራቸው በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነዱት ታክሲ ሆነ። በ2013 ያ ካሴት በአሜሪካ እንደገና ታተመ። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ።

እንግዲህ እኔ ይህን ታሪክ በመድረክ ቆጥሬው ነበር። መድረክ ላይ ካሉ ጊዜው አለ፤ መድረክ ላይ ከሌሉ ጊዜው ጠፋ። የጋዜጠኛ አቆጣጠር ነው። የሐያሲ አቆጣጠር ግን ከሥራው መነሳት ነበረበት። ሥራው ምን ይላል?

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ደጋግሜ ሰማኋቸው። በ1985ቱ ካሴት ላይ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። ማሽን አይደክምም፣ አያዳምጥም፣ ተጫዋቹ ትንሽ ልቆይ ቢል አይጠብቀውም። ኃይሉ በዚያ ግትር ምት ላይ አኮርዲዮናቸውን ያንሸራትቱታል፤ «አምባሰል»ን የመሰለ ጥንታዊ ዜማ ከፋብሪካ ድምፅ ጋር ያጋቡታል። ውብ ነው፤ ነገር ግን የብቸኛ ሰው ውበት ነው። ባንዱ ተበትኗል፣ አገር ርቋል፣ ሁሉንም ድምፅ አንድ ሰው ይሞላዋል። ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ባዶ ቦታ የፈራ ሰው ይመስላል።

«ላላ በሉ» ስድስት ሥራዎች አሉት። ባሱን ማይክ ማይኮውስኪ፣ ድራሙን ቶኒ ባክ ይዘውታል፤ ሰዎች ናቸውና ያዳምጣሉ። መክፈቻው «ትዝታ» በአኮርዲዮን ይነሳል፣ ሳይቸኩል ይረዝማል። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው። ከበሮ የለም፣ ባስ የለም፣ ማሽን የለም። አንድ ሐረግ ይጫወቱና ይተዉታል፤ ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከዚያ ዝምታ ውስጥ የወጣ ይመስላል። በ1985 ባዶ ቦታን ይሸሹ የነበሩት እጆች በ2018 ባዶ ቦታን ያምኑታል። ይህ ለውጥ ከየት መጣ? እንዲያው በ33 ዓመት ውስጥ ምንም ያልተሠራ ከሆነ፣ ይህ ከሰማይ ወረደ?

መልሱ በታክሲው ኮፈን ውስጥ ነው። ኃይሉ ኪቦርዳቸውን በታክሲያቸው የዕቃ መጫኛ ይዘው ይዞሩ እንደነበር ራሳቸው በየቃለ ምልልሱ ተናግረዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህን ወሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔም ባለፈው ጽሑፌ እንደ ማጣፈጫ ጠቅሼዋለሁ። ነገር ግን ማጣፈጫ አልነበረም፣ ዋናው ወጥ እሱ ነበር። ተሳፋሪ የሚጠበቅበት ሰዓት ለታክሲ ባለንብረት የሞተ ሰዓት ነው፤ ለኃይሉ ግን የሥራ ሰዓት ነበር። ይህ ሰው ሙዚቃን አልተወም። የተወው መድረክን ነው። ሁለቱን አንድ ማድረጌ ነው ስህተቴ።

«እንደገና ተገኙ» ያልኩትም እንዲሁ ነው። ማን ነው ያጣቸው? ያ የ1985 ካሴት ከውጭ የመጣ ሰው እጅ የገባው ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ሻጭ ሱቅ ነው። እንግዲህ ካሴቱ ባሕር ዳር ነበረ፤ የሚሸጠውም የሚገዛው ስለነበረ ነው። ጎጃሜው ነጋዴ ከአቧራ ጋር አኑሮ ያቆየውን ነገር፣ ሌላው በዓለም ገበያ ሲያወጣው «ተገኘ» አልን። የገበያን ሰዓት የከያኒው ሰዓት አድርጌ ቆጠርኩ። እንደገና መታተሙ ትልቅ ውለታ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ውለታ ሌላ፣ ግኝት ሌላ።

ስለ ቅሉም ልናገር። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል የሚለው ተረት ሁሉንም ነገር ለጊዜ ይሰጣል፣ ለቅሉ ምንም አይሰጥም። ማሕሙድ አሕመድን ውሰዱ። በልጅነታቸው ጫማ የጠረጉ፣ ኋላም በአሪዞና ክበብ ውስጥ የጉልበት ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1962 አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛው ባንድ ዘፋኝ ሳይመጣ ቀረና ልዝፈን ብለው ጠየቁ። ሰው ይህን ሲያወራ «ዕድል!» ይላል። ዘፋኙ መቅረቱ እርግጥ ዕድል ነው። ግን ዘፈኖቹን ባያውቋቸው ኖሮ ያ ምሽት ምን ይጠቅማቸው ነበር? ማንም የማያያቸው የዝግጅት ጊዜ ከምሽቱ በፊት ነበረ። እኛ የምንቆጥረው ግን ከምሽቱ ጀምሮ ነው። እሳቸው ደግሞ የሥራ ዘመናቸውን መጨረሻ በዕድል አልተዉትም፤ በጥር 2025፣ በ83 ዓመታቸው፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ የስንብት ኮንሰርት አቅርበው ከአድማጫቸው ጋር ተሰነባበቱ። መጀመሪያውን ጊዜ ሰጣቸው እንበል፤ መጨረሻውን ግን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። ይህ መብት የስንቱ ከያኒ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ጋሼ ልመለስ ግድ ይለኛል። እስካሁን የጻፍኩትን ባነብላቸው ይስቁብኛል። «እሺ፣ ኃይሉስ ኪቦርድ ነበራቸው። እኔስ?» ይሉኛል። ብለውኛልም።

ጋሼ በኦርኬስትራው ውስጥ ደመወዝተኛ ነበሩ። ያ ዘመን እንዲያ ነበር፤ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞች ማዕረግና የደንብ ልብስ ያላቸው የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። ሙዚቀኛው የራሱን ጊዜ እንደ ሙያ ዕድገት ሳይሆን እንደ አገልግሎት ዘመን ነበር የሚቆጥረው፤ ስንት ዓመት አገለገልክ፣ ምን ማዕረግ ደረስክ፣ ጡረታህ መቼ ነው። ሸክላ ማሳተም እንኳ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር፤ ያን በር በ1969 የሰበረው በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው። በ1975 እሱም አገር ለቆ ሄደ። ከዚያ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ መጣ። እኩለ ሌሊት ካለፈ መንቀሳቀስ ስለማይቻል ጭፈራ ቤቶች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ያስጨፍሩ ነበር። ጋሼ ሲያጫውቱኝ፦ «ሕዝቡ እስኪነጋ የሚያዳምጠን ስለወደደን ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችልም ነው» ብለው ሳቁ።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የጋሼ ኦርኬስትራ ተበተነ። ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው። በማስረከቢያ ቅጽ ላይ ፈርመው አስረከቡ፤ ዕድሜያቸውም ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። ከዚያ እዚሁ ሰፈራችን አንድ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠሩ። 19 ዓመት ሌሊት ሌሊት ጠበቁ። «መጀመሪያ ሰሞን በዱላዬ ላይ ጣቶቼን አስለምድ ነበር» አሉኝ። «ዱላ ድምፅ የለውም። ጣት ድምፅ ካልሰማ ይረሳል። በኋላ ተውኩት።»

ኃይሉም ጠበቁ፣ ጋሼም ጠበቁ። አንደኛው በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ፣ ሌላው በመጋዘን በር። ሁለቱም ሙዚቀኞች፣ ሁለቱም ጊዜ ነበራቸው፤ ጊዜ እንዲያውም ሞልቶ ነበር። የለያያቸው ትዕግሥት አይደለም። ተሰጥኦም ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ጋሼ ሲነፉ ሰምቼ አላውቅምና። የለያያቸው ተጨባጭ ነገር አንድ ነው፤ አንደኛው መሣሪያ ነበረው፣ ሌላው አስረክቦ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ነጥብ ይህ ነው። ስለ ከያኒ ጊዜ ስንወያይ «ባከነ ወይስ አልባከነም» እያልን መጨቃጨቅ ፍሬ የለውም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፦ በዚያ ጊዜ መሣሪያው በማን እጅ ነበር? የሚል ነው። መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው የጥበቃውን ሰዓት ወደ ሥራ ይለውጠዋል። መሣሪያው ከእጁ የወጣ ሰው ጊዜውም አብሮት ይወጣል። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው እንደወጡ ሁሉ የኛ ዘመን ሐያሲም «መሣሪያ ለተጫዋቹ» ቢል አያሳፍረውም። እየቀለድኩ አይደለም። ሠዓሊ ያለ ሸራና ያለ ቀለም፣ ተዋናይ ያለ መድረክ፣ ደራሲ ያለ ወረቀት ዓመታት ሲያልፉበት፣ እኛ ከሩቅ ሆነን «ሥራ ፈታ» እንላለን። ሥራ መፍታትና ሥራ መነጠቅ አንድ አይደሉም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጽሑፉን ቀድሞ ያነበበ ጓደኛዬ «ይህ ሁሉንም ነገር በንብረት መተርጎም ነው» ብሎኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ጠቀሰልኝ፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የምንኩስናን ኑሮ የኖሩ፣ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 የታተመ፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉ ፒያኖ ተጫዋች። «እሳቸው ስለ ሙያ ዕድገት መቼ ተጨነቁ? ጊዜያቸውን ለእግዚአብሔር ሰጥተው አልነበረም?» አለኝ። ጥሩ ነጥብ ነው። ጊዜን እንደ ውድድር የማይቆጥር ከያኒ መኖሩን እማሆይ ያስተምሩናል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ጓደኛዬ ይህንንም ይመልስልኝ፦ በስተመጨረሻ ገዳሙ ውስጥ ፒያኖ ባይኖራቸው ኖሮ እሳቸውን በምን እናውቃቸው ነበር? መንፈስ ይኑር። ፒያኖውም ይኑር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የራሴ ነው። ኃይሉ በታክሲ ውስጥ መለማመዳቸውን ማወደስ አደጋ አለው። ነገ አንዱ ተነስቶ «ተመልከቱ፣ እውነተኛ ከያኒ በየትም ይሠራል፤ ስለዚህ ምንም ማድረግ አያስፈልገንም» ሊል ይችላል። ይህ ቸልተኝነትን በጀግንነት መሸፈን ነው። የሰውየውን ጽናት እናድንቅ፤ ጽናት የጠየቀባቸውን ሁኔታ ግን አናድንቅ። ኃይሉ ያን ኪቦርድ ከነሻንጣው ከመኪና ሲያወርዱና ሲጭኑ ባይኖሩ ኖሮ ምን በሠሩ ነበር የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው፤ ክፍት ሆኖም ይቅር።

ይህ ጉዳይ እኛን ተማሪዎችን ለምን ይመለከታል? ምክንያቱም እኛም ሰዓት እየቆጠርን ነው። በዚህች መጽሔት ላይ ግጥም ከሚጽፉት መካከል ስንቱ «እስከ ምረቃ ነው» እንደሚል አውቃለሁ። አንዱ የቅርብ ጓደኛዬ በ22 ዓመቱ «ጊዜዬ አልፏል፤ ሌሎች በዚህ ዕድሜ መጽሐፍ አውጥተዋል» ብሎ ደብተሮቹን ለታናሽ እህቱ መለማመጃ ሰጥቷል። በጀርባቸው ሒሳብ ትሠራባቸዋለች። እኔም ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ሁለት ወር አንድ መስመር ሳልጽፍ ቀርቼ «ባከነ» ብያለሁ፤ ያን ቃል በኃይሉ ላይ ከመወርወሬ በፊት በራሴ ላይ ስለማመደው ነበር ማለት ነው። አሁን ሳስበው በዚያ ክረምት ብዕርና ደብተር በእጄ ነበሩ። እኔ ላይ ቧንቧው በርግጥ ክፍት ነበረ። ጋሼ ላይ ግን ውሃው ራሱ ተቆርጦ ነበር። ሁለታችንንም በአንድ ቃል መጥራቴ ነው ያስቆጣቸው፤ ትክክልም ናቸው።

ስለዚህ እርማቴን እንዲህ አቀርባለሁ። ባለፈው እትም ስለ ኃይሉ መርጊያ «የባከነ ዘመን» የሚለው «ከመድረክ ውጭ የሠሩበት ዘመን» ተብሎ ይነበብ። «እንደገና ተገኙ» የሚለው «እንደገና ታተሙ» ይባል። ቅሉና ድንጋዩ ይሰረዙ። ስለ ጋሼ ምን ቃል ልጠቀም ብዬ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ብዙ አላሰቡም። «ተወሰደ በል። ካልሆነ ዝም በል» አሉኝ። ተወሰደ ብያለሁ።

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ስሟን ያገኘችው ከሽቦ አልባው መልእክት ማስተላለፊያ ጣቢያ ነው። የጥንት ሰዎች፣ ሽቦ ሳይኖር ድምፅ ሲሄድ ቢያዩ፣ ነፋስ ያደርሰዋል ብለው ሰየሙት። የ1985ቱ ካሴት መንገድም ያን ይመስላል፤ ከዋሽንግተን ተነስቶ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ከባሕር ዳር እንደገና ዓለምን ዞረ። ነገር ግን በነፋስም ቢሆን እንዲደርስ መጀመሪያ የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ይህን ብዬ ልዝጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ለንባብ ምሽት ወንበር ፍለጋ ወደ ክበባችን ዕቃ ቤት ገብቼ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ በጥቁር ሻንጣ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሳክስፎን አለ። ማንም አይነካውም፤ አቧራው ይመሰክራል። ክበባችን በሳምንት አንድ ቀን፣ በፊርማ፣ ለሚነፋው ሰው ቢያውሰው ደንቡ የሚከለክል አይመስለኝም። ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ። «ጣቴ ረስቷል» አሉ፤ ቀጥለው ግን የአፉን ሸምበቆ ዋጋ ጠየቁኝ።

የዚያ ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?